ሲስተርነትና ዶክተርነት

አንዲት ነርስ በገዛ ሙያዋ የዶክተርነት ማዕርግ ለማግኘት ትማራለች ሲባል የሰማ ሰው ሁለት ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። አንደኛው «እንግዲህ ሐኪም ልትሆኚ ነዋ!» የሚል ነው። ሁለተኛው ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚጠየቅ ሲሆን «ታዲያ ከእንግዲህ በሽተኛ መንካቱ ቀረ?» ይላል። እኔ በነርስነት አሥራ ስምንት ዓመት ካገለገልሁ በኋላ በአርባ ሁለት ዓመቴ ደብተር ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተመለስሁ ሴት ነኝና፣ ሁለቱንም ጥያቄ ከዘመድም ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረባም ሰምቻለሁ። ብዙ ዘመን በዳኝነት ኖረው ጡረታ የወጡት አጎቴ ግን ሦስተኛ ጨመሩበት። «ሰው ምን ብሎ ይጥራሽ? ሲስተር ዶክተር ነው ወይስ ዶክተር ሲስተር?» አሉኝ። ለቀልድ የተናገሩት አልነበረም፤ የማዕርግ ስም ያለ ቦታው ሲገባ ስንት ነገር እንደሚያበላሽ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

እኔም «ጋሼ፣ ሲስተር የሚለው ስም ከብዙ ዘመን በፊት ድውያንን ያስታምሙ ከነበሩት መነኮሳይያት እኅቶች የተወረሰ ነው፤ ዶክተር የሚለውም በጥንት ትርጓሜው አስተማሪ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ስሞች የሚጣሉ አይመስለኝም» ብዬ መለስሁላቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ፍርዱ ይቆየኝ» አሉ። እስከ ዛሬም አልፈረዱም።

የነርስ ዶክተርነት ነርስን ሐኪም የሚያደርግ ትምህርት አይደለም። ሐኪም ይህ በሽታ ምንድር ነው፣ በምንስ ይድናል ብሎ ይመረምራል። ነርስ ደግሞ ይህ ሰው ከበሽታው ጋራ እንዴት ያድራል፣ እንዴት ይበላል፣ መድኃኒቱን ማን ያቀብለዋል፣ ቤቱ ሲገባስ ማን ይጠብቀዋል ብላ ትጠይቃለች። ይህን ጥያቄ በሥርዓት መርምሮ፣ ማስረጃ አቅርቦ፣ በሊቃውንት ፊት ተከራክሮ ማጽናት ነው የነርስ ዶክተርነት የሚባለው። ነገሩም አንባቢ እንደሚገምተው አዲስ አይደለም። (ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መጻፌን ልብ ይሏል።) በኒውዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ በ1924 ዓ.ም. ለነርሶች የትምህርት ዶክተርነት መንገድ ተከፈተ፤ በዚያችው ከተማ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲም በ1934 ሌላ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሁለት ሆኗል። አንዱ በምርምር አዲስ ዕውቀት የሚገኝበት ነው። ሁለተኛው የተገኘውን ዕውቀት በበሽተኛው አልጋ ላይ የሚያውሉ ከፍተኛ ባለሙያዎች የሚወጡበት ሲሆን፣ ይህኛውን በ2001 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጀመረው፤ በ2004ም የአሜሪካ የነርስ ኮሌጆች ማኅበር ደገፈው። በአገራችን ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርስና የአዋላጅ ትምህርት ቤት፣ በአሜሪካ አገር የሚገኘው የኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ አግዞት፣ የምርምሩን ዶክተርነት አቋቁሟል። ነርስ ከዲፕሎማ በላይ ለመማር ባሕር መሻገር ግድ ይሆንባት የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም።

እኔ ይህን ትምህርት ለምን እንደ ጀመርሁ ለመናገር ግን ስለ አንዲት ሴት ማውሳት ያስፈልገኛል። ስሟን አልጠራም፤ የተኛችበትንም ሆስፒታል አልጠራም። ከእንጦጦ ተራራ እንጨት ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ከተማ እያወረደች በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ነበረች። እንጨት ተሸካሚዎቹ በማለዳ ጐንበስ ብለው ሲወርዱ፣ ሸክማቸው በግራ በቀኝ ተርፎ መንገዱን ሲሞላው ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህች ሴት የደም ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ መጣች። በመዝገቧ ላይ ከዚህ ቀደም መድኃኒት እንደ ታዘዘላት፣ እርሷ ግን በሚገባ እንደማትወስድ ተጽፎ፣ ከሥሩ «ምክር የማትሰማ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። በሦስተኛው ሌሊት አንሶላዋን ስለውጥላት፣ ማንም ሳይጠይቃት ነገሩን በራሷ አንደበት አጫወተችኝ። ኪኒኑን ከእኅቷ ጋራ ትካፈል ኖሯል። እኅቷም ያው ሕመም አለባት፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ሰው ግን የላትም። ስለዚህ አንዱን ቀን እርሷ፣ አንዱን ቀን እኅቷ ይውጣሉ፤ ኪኒን በማይደርሳቸው ቀን ደግሞ ቅጠል አፍልተው ይጠጣሉ። ምክር የማትሰማ የተባለችው ሴት በየቀኑ ስሌት እየያዘች ሁለት ሰው ለማዳን ትጥር ነበር።

ይህን ሁሉ በነርስ መዝገብ ላይ ከነሰዓቱ ጻፍሁት፤ ሲነጋም ለተረኛው ነገርሁ። ዳሩ ግን የነርስ መዝገብ የሚገለጠው ትኩሳትና የልብ ትርታ ለማየት ነው እንጂ የበሽተኛ ጨዋታ ለማንበብ አይደለም። ሴትዮዋ በዚያው ኪኒን፣ በዚያው ቍጥር፣ በዚያው ምክር ተሰናበተች። በአምስተኛው ወር ስትመለስ ቀኝ ጐኗ አይንቀሳቀስም፤ አንደበቷም ተይዟል። ዐይኖቿ ግን ዐወቁኝ። እኅቷ ከዚያ ሳምንት ቀደም ብላ ማረፏን ከልጆቿ ሰማሁ።

ያወቅሁት ነገር በወረቀት ላይ ነበረ፤ ያነበበው ግን አልነበረም። ነርስ በአልጋ አጠገብ ሆና የምታገኘው ዕውቀት በምን ዓይነት ተጽፎ ቢቀርብ ነው ሰው አንብቦ የሚያምነው? ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለባልንጀሮቼ ሳወራው ቆይቼ፣ በመጨረሻ አንዲት የድሮ መምህርቴ «ማውራቱን ትተሽ አመልክቺ» ብለው የማመልከቻውን ወረቀት ሰጡኝ።

ከእኔ በፊት ይህ ጥያቄ የገጠማቸው አሉ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችውን እንግሊዛዊት ሰው ሁሉ የሚያውቃት ፋኖስ ይዛ በሌሊት ቍስለኛ ስትጐበኝ ነው፤ በሥዕልም የምትታየው እንዲሁ ነው። እኔ ከፋኖሷ ይልቅ ብዕሯን አከብራለሁ። በ1854፣ የመቅደላ ጦርነት ሊሆን አሥራ አራት ዓመት ሲቀረው፣ ለክሪምያ ጦርነት ቍስለኞች ወደ ኡስኩዳር ሄደች። በዚያም የወታደሩን ሞት በምክንያት በምክንያቱ እየለየች መዘገበች። ከቍስል ይልቅ ተላላፊ በሽታና ንጽሕና ማጣት ብዙ ሰው እንደ ፈጀ ተገለጠ። ከጦርነቱ በኋላ ይህን ቍጥር በቀለም በተከፋፈለ ክብ ሥዕል አሳይታ ለሹማምንቱ አቀረበችው፤ ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሚኒስትር እንኳ በአንድ ዕይታ የሚረዳው ነበር። በ1858 የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር ከሴቶች የመጀመሪያዋ አባል አድርጎ ተቀበላት፤ በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርስ ትምህርት ቤት ተከፈተላት። ርኅራኄዋ ብቻውን ይህን አያደርግላትም ነበር። ርኅሩኅ ሴቶች ከእርሷ በፊትም ሞልተው ነበርና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለነርስነት ማደግ ምሳሌ የሚሆኑን ልዕልት ፀሐይ ናቸው። ልዕልት ፀሐይ ኀይለ ሥላሴ በ1919 ተወለዱ። በ1936 ከአባታቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ወደ እንግሊዝ አገር በተሰደዱ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ። ይህ የክብር ጉብኝት አልነበረም። እንደ ማንኛዋም ተማሪ ነርስ ሕፃናትን ያጥቡና ይመግቡ፣ የሌሊት ተራም ይገቡ ነበር። በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው በመዝገብ ተጻፉ። ብዙ ጊዜ የማስበው ግን ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ነው። ማስረጃቸውን ከያዙ በኋላ በቃኝ አላሉም፤ ጋይስ ወደሚባለው ሆስፒታል ገብተው እንደገና ተማሪ ሆኑ። ሕፃናትን ማስታመም የሚያውቅ ሰው ለአዋቂዎች ሲመጣ ብዙ ነገር ከመጀመሪያው መማር አለበት፤ ይህን የደረሰበት ያውቀዋል። በ1941 ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። ከዚያም የሌተና ኮሎኔል ዐቢይ አበበ ባለቤት ሆነው ወደ ወለጋ ሄዱ፤ በነሐሴ ወር 1942 በነቀምት፣ ከእርግዝና በመጣ ሕመም፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። እናቶችንና ሕፃናትን ለማገልገል የተማረች ሴት ራሷ በዚሁ ምክንያት ማለፏን ሳስብ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ። ለመታሰቢያቸው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ የደከሙለት የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ፤ ዛሬ የጦር ኀይሎች ሆስፒታል የሚባለው እርሱ ነው።

በዚያው ሆስፒታል ደግሞ ለእኔ ሐሳብ ተቃራኒ የሚመስል ታሪክ ተጀምሯል፤ ልሸሽገው አልወድም። በ1959 ዶክተር ካትሪን ሀምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሀምሊን ለነርሶች የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ከአውስትራልያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሚቱ ጋሼ የምትባል የገጠር ልጅ ምጥ ጠንቶባት በፌስቱላ ተጐድታ ወደ እነርሱ መጣች። ታክማ ከቆየች በኋላ አልጋ ማንጠፍና የሌሎችን በሽተኞች እጅ መያዝ ጀመረች፤ ቀጥሎም በቀዶ ጥገናው ጊዜ ዕቃ ማቀበል፣ በመጨረሻም ራሷ መስፋት ተማረች። በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ሲከፈትም ከዚያው ጋራ ነበረች። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ለሁለቱ ሀምሊኖችና ለወይዘሮ ማሚቱ የወርቅ ሜዳይ ሰጣቸው። መደበኛ ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት ከሌላ አገር የመጡ ሐኪሞችን የምታሠለጥን ሆነች። እንግዲህ ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ሰው ወይዘሮ ማሚቱን ቢጠራ እኔ አልከራከረውም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወይዘሮ ማሚቱ እጅ የታወቀው አጠገቧ ቆመው የሚያዩና ያዩትን የሚመሰክሩ ሐኪሞች ስለ ነበሩ ነው። በየገጠሩ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ግን አጠገቧ የሚቆም የላትም። ያወቀችው በጽሑፍ ካልወጣ ከእርሷ ጋራ ይቀበራል።

ፓትሪሽያ ቤነር የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ በ1984 ባወጡት መጽሐፍ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ጠቢብነት በአምስት ደረጃ እንደምታድግ ጽፈዋል። ጀማሪዋ በተሰጣት ደንብ ትሄዳለች፤ ጠቢቧ ግን ገና ከበሩ ስትገባ በሽተኛው ዛሬ ደኅና እንዳልሆነ ይታወቃታል፤ በምን ዐወቅሽ ቢሏት ለመናገር ይቸግራታል። ይህን ሳነብ የድሮ የሌሊት ኀላፊዬ ትዝ አሉኝ። «ቁጥር ስድስትን እዩአት» ሲሉን ቁጥር ስድስት በሰላም ተኝታ እናገኛታለን፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሁላችንም በአልጋዋ ዙሪያ እንሯሯጣለን። እርሳቸው ጡረታ ሲወጡ ያን ዕውቀት ይዘውት ወጡ።

አሁን ወደ ጉለሌ ልምጣ። ጥናቴ እንዲህ የሚል ነው፦ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከሐኪም መድኃኒት ጋራ የአገር መድኃኒት ሲወስዱ፣ ለነርስ የሚነግሩት መቼ ነው፣ የሚሰውሩትስ ለምንድር ነው? ሥራውን ስጀምር አንድ ችግር ገጠመኝ። በሽተኛው «ቅጠል እጠጣለሁ» ይላል፤ ቅጠሉ ግን የትኛው ነው? አንዱ ቅጠል በየአገሩ ልዩ ልዩ ስም አለው፤ አንዱም ስም ለልዩ ልዩ ቅጠል ይሰጣል። ስለዚህ የፈቀዱልኝን ሰዎች ቅጠል ጥቂት ጥቂት እየተቀበልሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል መውጣት ጀመርሁ። ይህ ማዕከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በኅብረት ያቋቋሙት፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ከ700 ሄክታር በላይ የሚሰፋ ስፍራ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ አገሩን ሸፍኖት ስለ ነበር፣ እርሱን ቀስ በቀስ እያነሡ ጥዱን፣ ኮሶውን፣ ወይራውን፣ ቀጋውን ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ነፋሱ ብርቱ ነው፤ በሐምሌ የሄደ ሰው ካፖርቱን እንዳይረሳ እመክራለሁ።

በዚያ ከኮሶ ዛፍ አጠገብ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ እንደ ነበር፣ በዚያም ቀን ትልቅ ሰው እንግዳ እንደማይቀበል፣ ደጅ ጠኚውም «ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል» ሲባል ሳያጕረመርም እንደሚመለስ አንባብያን ከቤተ ዘመድ ሰምታችሁ ይሆናል። (እውነት የጠጣው ስንቱ እንደ ሆነ ግን ማን ያውቃል!) ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ዛፍ ሥሎ፣ ለወዳጁ ለጆዜፍ ባንክስ መታሰቢያ ብሎ በባንክስ ስም ጠራው። ዛሬ ሊቃውንት የሚያውቁት ሃጌኒያ አቢሲኒካ በሚል ስም ነው። የሰጪው ስም ቢለዋወጥም ዛፉ በዓለም መዝገብ ገብቷል፤ በቶኪዮ ያለ ሰው ይህን ስም ቢጽፍ በጉለሌ ያለው የትኛውን ዛፍ እንደሚል ያውቃል።

የእጽዋት ሊቃውንቱ የሚሠሩትን ማየት ለእኔ ትልቅ ትምህርት ሆኖልኛል። አንድ ቅጠል ከነአበባው ቆርጠው በወረቀት መካከል ተጭነው ያደርቁታል፤ ከሥሩም ማን እንደ ለቀመው፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ስፍራ፣ ከባሕር ወለል በምን ያህል ከፍታ፣ የአገሩም ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጽፋሉ። ስማቸውን ማንም የማያውቀው ረዳቶች የለቀሙት ቅጠል ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ምስክር ሆኖ ይቆማል። በፕሮፌሰር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኋላም የዚህ ማዕከል መሪ በነበሩት በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው አስተባባሪነት፣ ከ1980 እስከ 2009 የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት በመጻሕፍት የተዘረዘሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ወደ 6000 የሚጠጋ ዓይነት ተመዝግቧል። ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው። እኔ በአራት ዓመቴ የማጕረምረም መብት እንደሌለኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

የእንዶድንም ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የቀንድ አውጣ ሬሳ ተንሳፍፎ አዩ። የቢልሃርዝያ በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ ነውና ነገሩን መረመሩት፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በስዊድን አገር ከሚሰጠው ከራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተካፈሉ። እነዚያ አጣቢ ሴቶች እንዶድን ለብዙ ትውልድ ያውቁታል። አጠገባቸው የቆመው ሰው የሚያየውን የሚመዘግብ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ከበሽተኞቼ አንዱ «ሽፈራው ነው፤ ከጓሮዬ የቀጠፍሁት» ብለው የሰጡኝን ቅጠል ይዤ ስሄድ፣ በማዕከሉ ያገኘኋቸው ባለሙያ ገና ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽፈራው የቆላ ልጅ ነው፤ አገሩም ኮንሶና አርባ ምንጭ ነው፤ በእንጦጦ ብርድ በጓሮ አይበቅልም። እንግዲህ ሰውየው ለስኳር ብለው ስድስት ወር የጠጡት ሌላ ቅጠል ነበር ማለት ነው። በየትኛውም የሐኪም መዝገብ ላይ ግን ስለ ቅጠሉ አንድ ቃል አልተጻፈም። ቅጠልና ኪኒን አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ኀይል ሊጨምርበት ወይም ሊያደክምበት ይችላል፤ ስኳር ከሚገባው በታች ወርዶ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ጠያቂ ያስፈልጋል፤ ጠያቂውም የማይቈጣ መሆን አለበት።

ስለ ቍጣው ያወቅሁት ከቤቴ ነው። እናቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ሲሆን ከእኔ ጋራ ይኖራሉ፤ የደም ግፊትም አለባቸው። የጥናቴን መጠይቅ ለሰው ከማቅረቤ በፊት ቃላቱ ለሽማግሌ ጆሮ ይስማሙ እንደ ሆነ ልሞክር ብዬ፣ አንድ እሑድ ከቡና በኋላ እናቴን ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ለዚህ ሕመም ከሐኪም መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት አለ?» አልሁ። እናቴም «አለ እንጂ» ብለው የሦስት ቅጠል ስም ቈጠሩልኝ፤ ነጭ ሽንኵርቱን ከቍጥር ሳያስገቡ። እኔ በዚያው ቤት እየኖርሁ አንዱንም አላየሁ። «ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «ነጩን ልብስ ለብሰሽ ስትገቢ ነርስ ነሽ፤ ነርስ ደግሞ ትቈጣለች። ዛሬ ግን እንደ ተማሪ ጠየቅሽኝ፤ ተማሪ ሲጠይቅ ይነገረዋል» አሉኝ። ይህን ቃል በደብተሬ በመጀመሪያው ገጽ ጻፍሁት። በሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ ይህንኑ ነገር በረጅም ቃል አግኝቼዋለሁ፤ የእናቴን ያህል ግን አልቀናኝም።

ዋጋው ቀላል እንደ ሆነ አልናገርም። ማታ ማታ ስጽፍ እናቴ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። እርሳቸውን ማስታመም የሚገባኝ ሰዓት ሌሎች ሽማግሌዎችን ስለ ማስታመም በመጻፍ ያልፋል፤ የሚያስተዳድረኝም ደመወዝ ያው የነርስ ደመወዝ ነው። ከመንፈቅ በኋላ ከትምህርቱ ክፍል ለጥቂት ወራት ወደ ውጭ አገር እንድሄድ ሐሳብ ቀርቦልኛል። እናቴ «ሂጂ» ይላሉ፤ ሲሉ ግን ዐይኔን አያዩም። አልወሰንሁም። አንድ አለቃዬ ደግሞ «ዶክተር ስትሆኚ ክፍል ውስጥ አትሠሪም፤ ቢሮ ነው የምትገቢው» ብለውኛል፤ ክብር እንዲሰማኝ ብለው ነው። ይህ ከሆነ የጻፍሁት ሁሉ ለምን ይሆናል? በሽተኛ የሚናገረው ሌሊት፣ አንሶላ ሲለወጥለት ነው እንጂ ቢሮ መጥቶ አይደለም። በብዙ አገር ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው ነርሶች በአልጋው አጠገብ እንዲቆዩ የተሠራ የሥራ ደረጃ አለ። ይህ ጋዜጣ ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች እጅ ይገባልና፣ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ድረስ በሳምንት ሁለት ሌሊት ተራዬን እገባለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት አንድ ሽማግሌ በመሐረብ የቋጠሩትን ደረቅ ቅጠል ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ፤ ስሙን ግን እንቢ አሉ። የመድኃኒት ስም ሲነገር ኀይሉ ይቀራል፤ ለልጃቸውም ገና አልነገሩትም። ቅጠሉን በጋዜጣ መካከል አኑሬ፣ ቀኑንና የመጣበትን ቀበሌ ከሥሩ ጽፌበታለሁ፤ የስሙን ቦታ ባዶ ተውሁት። ቅዳሜ ወደ ጉለሌ ይዤው እወጣለሁ።